ከመግሪብ በኋላ የማይወጣ ጥራጊ

ልጅ ሳለሁ፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው የአያቴ ቤት፣ የሚጣል ነገር ብዙ አልነበረም። አመዱ ለጎመኑ፣ የድንች ልጣጩ ለፍየሏ፣ እበቱ ለኩበት ይሆናል፤ ፌስታል እንኳ ታጥቦ አጥር ላይ ይሰጣል። የተረፈው ጥራጊ ጓሮ ካለው ጉድጓድ ገብቶ ይበሰብስና ማሳው ላይ ይበተናል። ብቻ ከመግሪብ፣ ከፀሐይ መግቢያው ሶላት በኋላ ጥራጊ ከቤት አይወጣም። ከበሩ ጀርባ ተሰብስቦ ያድራል።

ለምን እንደሆነ አያቴ አባባ ይመር ሪዝቅ ስለሚሉት ሲሳይ በሚያወራ ተረት ነገሩኝ። ያኔ እናቴም አብራን ነበረች። የኩበቱ ፍም ሲቀላ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዟ የአባባን ጥላ ግድግዳው ላይ እያወዛወዘች፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይጀምራሉ።

ሪዝቅ አንድ ምሽት ማደሪያ አጥቶ ወደ አንዲት ሴትዮ ቤት ገባ አሉ። ዓይን አፋር ስለነበር ምንም ሳይናገር ጥራጊው ውስጥ ጋደም አለ። ሴትዮዋ ጠርጋ ጎረቤቷ ደጃፍ ላይ ደፋችው። በነጋታው ቤቷ ባዶ ሆነባትና «ሪዝቄ ሆይ፣ የት ነህ?» ብላ ብትጣራ፣ ከጎረቤት ቤት «እዚህ ነኝ፤ እዚህ ተመችቶኛል!» አላት።

«አባባ፣ ሪዝቅ ምን ይመስላል?» አልኳቸው።

«ያየው የለም። ቢያዩትማ ለምን ይጠርጉታል?» ብለው ሳቁ።

እናቴ ወደ ሳዑዲ ከመሄዷ በፊት ተረቶቹን በስልኳ ቀዳችና ሚሞሪውን ለእኔ ተወችልኝ። በዓመቱ አባባ ወደ አኼራ ሄዱ። ድምፃቸው ከዚያች ሚሞሪ በቀር የትም የለም። እሷን ይዤ ለትምህርት ሐይቅ ከተማ፣ አክስቴ ፋጡማ ቤት ገባሁ፤ በአክስቴ ስልክ ውስጥ ከትቼም አባባን እሰማ ነበር።

እዚህ ሁሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፤ አመዱም፣ ልጣጩም፣ የዓሣ አጥንቱም። ጠዋት ጠዋት ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ እየዞረ ይወስዳል። ጋሪውን መጠበቅ የሰለቸው ሰው ደግሞ ሲመሽ ቦዩ ውስጥ ይደፋል፤ ዝናቡ ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። እኔ ግን የማታ ጥራጊዬን ከበሩ ጀርባ አሳድር ነበር።

«አንቺ ባላገር፣ ጥራጊ ታቅፈሽ ልታድሪ ነው?» ትለኛለች አክስቴ።

ልጇ ሐያት አፍንጫዋን ይዛ «ሪዝቅሽ ሸተተን እኮ!» ትላለች። እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ ቀን ሐያት ዘፈኗን ልትሰማ ሚሞሪዬን ከአክስቴ ስልክ አውጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እኔ አላወቅሁም። ሲመሽ ቤቱን ጠረግሁ። «ዛሬ እንግዳ አለብን፤ ቦዩ ውስጥ ድፊው፣ አታሳፍሪን» አለች አክስቴ። እውነት ለመናገር መሳቂያ መሆኑ መርሮኝ ነበር። ጥራጊውን ይዤ ወጣሁ። ቦዩ ጫፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ አዛን ተሰማ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተመልሼ ከበሩ ጀርባ ደበቅሁት። ሌሊቱን ዶፍ ሲዘንብ አደረ።

ጠዋት ስልኩን ብከፍት የሐያት ዘፈን ነው።

«ሚሞሪዬስ?»

«አልጋው ላይ ነበረ... ወድቆ ይሆን እንዴ?»

ወደ በሩ ጀርባ ሮጥኩ፤ ባዶ ነው። አክስቴ ጥራጊውን ማዳበሪያው ውስጥ ከትታዋለች፤ ማዳበሪያውን ደግሞ የጋሪው ሰውዬ ትከሻው ላይ አድርጎታል።

«ይቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«አያቴ! አያቴ እዚያ ውስጥ ናቸው!»

«አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ማዳበሪያውን ለቀቀው።

ሐያት እየተንተባተበች ነገሩን ስታስረዳው ሳቁን አልቻለውም። «እስቲ እኚህን ሽማግሌ እንፈልጋቸው» ብሎ አብሮን አጎነበሰ። ደጃፉ ላይ ዘርግፈን ልጣጭ በልጣጭ ፈተሽን። ሐያት አገኘችው፤ የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ተጣብቆ ነበር። ጠርጌ ስልኩ ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ የፍም መንጣጣት ተሰማ፣ ከዚያ «ሪዝቅ አንድ ምሽት...»። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ደህና ናቸው?» አለኝ ሰውዬው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» አልኩት፣ ቀና ብዬ።

ዛሬ ቦዩን ባለፍኩ ቁጥር የዚያች ሌሊት ጎርፍ ይታወሰኝና ትንፋሼን በረጅሙ እለቀዋለሁ። የማታ ጥራጊ አሁን ሐያትም አታወጣም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃትም የለም። ቅጂው ላይ ያቺ የልጅ ድምፄ አሁንም ሪዝቅ ምን እንደሚመስል ትጠይቃለች፤ አባባም ያየው የለም ይሏታል። እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ ጥቁር ነው፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል፣ ሽንኩርት ሽንኩርትም ይሸታል።