እትዬ ደስታ ብቻዬን አልሸለምም ያሉበት ቀን

ዛሬ መርሳ ላይ ጎረቤቴ እትዬ ደስታ መድረክ ወጥተው ሽልማቱን አልቀበልም አሉ።

በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛና ተፈናቃይ ላበሉ ሴቶች የተዘጋጀ ምስጋና ነበር።

«ዘይነባ ሳትጠራ አልወስድም! መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም ገብሱን በድንጋይ የፈጨነው ሁለታችን ነን!»

እውነታቸውን ነው። ያኔ ቆስዬ የቁስለኛ ማረፊያ በሆነው ትምህርት ቤት ውስጥ ተኝቼ፣ በሶ በጥብጠው ያጠጡኝ ሁለቱ ናቸው። (ስኳር የለውም ብዬ ማኩረፌን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።)

አስተባባሪው ዝርዝሩን ቢያገላብጥ የእትዬ ዘይነባ ስም የለም። እሳቸው ግን ሊያጨበጭቡ መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«ኧረ ተይኝ ደስታ፣ ለአላህ ብዬ ነው ያደረግሁት» ቢሉም፣ እትዬ ደስታ ወርደው እጃቸውን ይዘው መድረክ ላይ አወጧቸው። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። አስተባባሪውም የምስክር ወረቀቱ ላይ ሁለተኛውን ስም በእስክሪብቶ ጻፈ።

በእናንተ ሰፈርስ ሳትጠራ የቀረች ማን አለች? እስኪ ስሟን ከነሥራዋ ጻፉልን።