የወይዘሮ ዘይነባ ጥቁር ስክሪን

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ጥላሁን ያስያዙኝ ኮምፒውተር አልነበረም፤ የቀለም ብሩሽና አቧራ መንፊያ ነው። «ክፈት፣ ጥረግ፣ መልሰህ ግጠም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ነበር የሄድኩት፤ ማን ያይልኛል! እስኪመሽ የጥጥ ብናኝ ስጠርግ ዋልኩ።

«ጋሼ፣ ፕሮግራም መቼ ነው የምጭነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማሽኑ ሲተነፍስ» አሉኝ። ሰውዬው ወሬ አይወዱም ነበር።

ረዳት ቴክኒሻን ሆኜ ገብቼ ቴክኒሻን ሆኜ ወጣሁ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የግል ጥገና ጀመርኩ፤ ዛሬ ሰበታ፣ ነገ ቡራዩ፣ ከነገ ወዲያ ሱሉልታ። ከተሞቹ አዲስ አበባን ከበው ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። ቤቴ ፉሪ ነው። ዕድሜዬ ያለቀው በጥገና ሳይሆን በታክሲ ሰልፍ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ወገቤ ይመስክር።

የሚሰጠኝ ማሽን ሁሉ ጡረታ የወጣ ነው። አንድ ቢሮ ሲጠግበው ለሌላ ይሰጠዋል፤ ሌላው ለዘመዱ ይሸጠዋል፤ መጨረሻ ላይ «ጋሽ መላኩ ያስነሡት» ይባላል። ሚሞሪው ትንሽ፣ ሃርድ ዲስኩ የሚያቃስት፣ በፍላሽ የገባ ቫይረስ የወረሰው። ባለቤቱ ደግሞ ከአጠገቤ ቆሞ፣ «አዲስ ይመስላል አይደል?» ይለኛል። ኧረ ተወኝ!

መድኃኒቱ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም መጫን ነው። ግን ሊኑክስም ከነሙሉ ጌጡ ሲጫን አሮጌ ማሽን ይከብደዋል። ጥላው፣ ተንሸራታቹ መስኮት፣ የሚያብረቀርቀው ምልክት፣ ሁሉም ሚሞሪ ይበላል። ስለዚህ ጌጡን እተወዋለሁ። ሲስተሙን ባዶውን እጭንና በላዩ ቀላል ዊንዶው ማኔጀር አስቀምጣለሁ። ሥራው መስኮቶችን መያዝ ብቻ ነው፤ ያንቀሳቅሳቸዋል፣ ያሰፋቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ማሽኑ ሲነሣ የሚታየው ጥቁር ስክሪን ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ባዶው ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ ስትጫኑ ሜኑ ይወጣል፤ ከዚያ የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ።

የቀረውን በእጅ መጻፍ ነው። ሜኑው በአንድ ፋይል ይጻፋል፤ የኪቦርዱ አቋራጭ በሌላ ፋይል፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚነሣው ደግሞ በሌላ። አንዲት ምልክት ከተረሳች ሜኑው አልወጣም ብሎ ይገግማል። ዓይን ይጨርሳል፤ ሲሠራ ግን ደስ ይላል።

ሱሉልታ አንድ ትምህርት ቤት በእርዳታ ያገኛቸውን አሮጌ ማሽኖች በዚህ መንገድ አስነሣኋቸው። ተማሪዎቹ በጥቁሩ ስክሪን አበዱ፤ «ሃከር ሆንን!» ተባባሉ። ርዕሰ መምህሩም፣ «እርስዎ ሙት አስነሺ ነዎት እኮ» አሉኝ። እውነት መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም እንደዚያው መጫን ጀመርኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ ቡራዩ፣ ከመንግሥት ቢሮዎቹ ፊት ለፊት ማመልከቻ ትጽፋለች። ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ ስኳርና ፓስታ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው፣ ሰፈሩ ሐጂ ይለዋል። ማሽኗ እያዘገመ ደንበኛ ሲሸሽባት፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራሽ ካልተነሣ ቤቱን መጋዘን አደርገዋለሁ። አንቺም እኔ ሱቅ ገብተሽ ትሸጫለሽ» ብሏታል።

«ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም ጋሽ መላኩ» አለችኝ። «ግን እዚያ ከገባሁ ዘይነባ መሆኔ ይቀራል። የሐጂ እህት ተብዬ እቀራለሁ።»

ማሽኑን ጠረግኩ፤ ባዶውን ሲስተም ጫንኩ፤ ዊንዶው ማኔጀሩን አስቀመጥኩ። ቡራዩ ላይ ጸሐፊ በሁለት ቋንቋ ነው የምትሠራው፤ ለቢሮው በኦሮምኛ በላቲኑ ፊደል፣ ለሌላው በአማርኛ። ጌጠኛው ዴስክቶፕ የአማርኛ መጻፊያውን ራሱ ያስነሣል፤ ባዶው ግን ካልነገሩት አያስነሣም። ነገርኩት። በአንድ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዞርም አደረግኩ። ዘይነባ ሞከረችው፤ «ማሻአላህ!» አለች። እኔም ወደ ፉሪዬ።

ብዙ አልቆየችም፣ ደወለች። «ጋሽ መላኩ፣ ሰው ጠፋ!»

«ማሽኑ ቆመ እንዴ?»

«ማሽኑማ ይበርራል። ሰው ነው የጠፋው።»

«ታዲያ እኔ ሰው አልጠግን!» ብዬ ዘጋሁባት። ቢሆንም አላስቻለኝም፤ በማግስቱ ከታክሲ ታክሲ እየተጋፋሁ ሄድኩ። ስደርስ ቱግ ብዬ ነበር። ምን ያህል እንደፈጠነ፣ ምን ያህል እንደለፋሁ ዘረዘርኩላት።

«ይህን ማሽን የሠሩት ለእኔ ነው ለራስዎ?» አለች። «እስቲ እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ይዩት።»

በርጩማው ከጎኗ ነው። እዚህ አገር ባለጉዳይ ከጸሐፊዋ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ ከአጠገቧ ሆኖ እየተናገረ፣ የተናገረው ሲጻፍ በዓይኑ ይከተላል። ሳያይ የተጻፈለትን አይፈርምም። ጸሐፊ ምን እንደጨመረች ማን ያውቃል? ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ግን ከማሽኑ ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣችው ከደቡብ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። ደጁ ላይ ቆማ ስክሪኑን አየችና፣ «መብራት የለም እንዴ?» አለች። ዘይነባ «አለ፣ ግቢ» ስትላት ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ ማዶ ያለችው ሌላ ጸሐፊ ቤት ገብታለች።

ቀጥለው ኦቦ ገመቹ መጡ፤ ከገፈርሳ በኩል የመጡ፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ። የእርሻ ድንበር ክርክር አለባቸው፤ ይግባኙ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ያ ቀን ነው። በርጩማውን ለቀቅኩላቸው። ዘይነባ ግማሹን ገጽ እንደጻፈች ቀድሞ የጻፈችላቸውን ደብዳቤ ለማየት መስኮቱን ዝቅ አደረገችው። እኔ በሠራሁት አሠራር ዝቅ ያለ መስኮት ከሥር ምልክት አይተውም፤ እልም ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«በዴ!» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ጠፋ! ተቃጠለ!»

በእኛ መንደር መብራት ስንቱን ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ፈጅቷል። ስለዚህ አንድ ነገር ጥቁር ካለ የሁሉም እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሶኬቱ ነው። ሽማግሌውም ዘይነባን ሊያድኑላት ጎንበስ ብለው ገመዱን ነቀሉት። የተጻፈው ሁሉ አብሮ ሄደ። «አይዞሽ፣ ከመቃጠሉ በፊት ደረስኩልሽ» ብለዋት፣ ዱላቸውን አንሥተው መንገዱን ተሻገሩ።

ዘይነባ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «አዩ አይደል? እንዲህ ነው የምውለው» አለችኝ። ልትጮህብኝ ትችል ነበር፤ ባለመጮኋ አንጀቴን በላችው። ከሐጂ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ስትታየኝ አልቻልኩም።

ማሽኑን አስነሥቼ ፋይሎቹን ከፈትኩ። ከስክሪኑ ግርጌ ባር የሚባል፣ የማይጠፋ ቀጭን መስመር ጨመርኩ፤ የተከፈተው ሁሉ ስሙ እዚያ ይሰለፋል፣ ዝቅ ያለውም ጭምር። በየትኛው ቋንቋ እየጻፈች እንደሆነ ጎላ ብሎ እንዲታይ አደረግኩ። ጽሑፉም ቶሎ ቶሎ ራሱ እንዲቀመጥ አዘዝኩት።

«ሥዕልም ይኑረው» አለች።

«ሥዕል ሚሞሪ ይበላል።»

«ይብላ! እኔ ልበላ ነው ሰው የምፈልገው።»

ከስልኳ የገፈርሳን ግድብ ፎቶ ሰጠችኝ፤ ውኃው፣ ከዳር ያለው ባሕር ዛፍ። መጠኑን ቀንሼ ከጀርባ አስቀመጥኩት። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ የበላውም ሚሞሪ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም።

ይህን ስንሠራ ኦቦ ገመቹ እየተቆጡ ተመለሱ። ማዶ ያለችው ጸሐፊ ስክሪኗን ወደ ራሷ አዙራ ነው የምትጽፈው። «ምን እንደጻፈችብኝ በምን አውቄ ልፈርም?» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ። «ገፈርሳ! የእኛ ውኃ አይደለም እንዴ? ዳነ ማለት ነው?»

«ድኗል አባባ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው ዘይነባ፣ ጆሯቸው ሥር ጮኻ።

ተቀመጡ። መስኮቱን ዝቅ ባደረገች ቁጥር በጣቷ ባሩን ትጠቁማቸዋለች፤ «ይኸው፣ እዚህ አለ።» እሳቸውም ስሙን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማሽኑ እንዳልኩት ይበርራል፤ ቢሮው ሳይዘጋ ታትሞ፣ ተፈርሞ ወጣ። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው መረቋት፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። ለእኔ ምንም አላሉኝም። ደክሞኝ በርጩማው ላይ ዘፍ አልኩ።

ሽማግሌው ሲወጡ ሁለት ሴቶች ገቡ፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው አንገቱን አስገባ።

«ጋሽ መላኩ፣ ይነሡልኝ እንግዲህ» አለች ዘይነባ። «ሰው ይቀመጥበት።»

በወሩ መጨረሻ ሐጂ ፓስታ የጫነ አይሱዙ ይዞ መጣ። ደጁን የሞላው ባለጉዳይ አላሳልፍ አለው። ጥቂት ቆሞ አየና ሹፌሩን፣ «ሌላ ቦታ አውርድ» አለው። ይህን በስልክ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሰው እየጠበቃት ስለነበር ቶሎ ዘጋችው።

አሁንም ለአሮጌ ማሽን ቀላል ዊንዶው ማኔጀር ነው የምጭነው፤ የተሻለ አላገኘሁም። ከመጫኔ በፊት ግን ከባለቤቱ ሌላ ስክሪኑን ማን እንደሚያየው እጠይቃለሁ።