መስኮት ላይ ያቆምኳት የጥድ ዘይት

ድሬዳዋ በሚገኝ የፀጉር ቅባት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ ወይዘሮ ዘነበች ዘይት መበላሸቱን በአፍንጫ ሳይሆን በጠብታ እንደምንለይ አሳዩኝ። ናሙናው ተዘጋጅቶ ስታርች ሲገባበት ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ እስኪጠፋ ማጥፊያውን ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ መቁጠር ነው። ብዙ ጠብታ ከፈጀ ዘይቱ ተበላሽቷል።

«ሻጭ ሁሉ ይምላል፤ አንቺ ቁጠሪ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። ባሌ እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ የገዛልኝን ሰዓት እንኳ ሳምንት ሙሉ ከስልኬ ጋር ሳስተያይ ከርሜያለሁ።

ከዓመታት በኋላ አቶ አብዲ የሚባሉ የድሬ ሶማሌ መጡ። ባጃጃቸውን ሸጠው የጥድ ቅጠል ዘይት ማውጫ ገዝተዋል። ጥቂት ጠብታ ቅባታችሁ ውስጥ ከገባ በዚህ ሙቀት ቶሎ አይበላሽም አሉ። የጥዱ ሽታ ኃይለኛ ነው፤ የቅባቱን መበላሸት በጥዱ ሽታ ሸፍነው ሊያታልሉን ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወይዘሮ ዘነበች በሁለት ጠርሙስ ለአንድ ወር እንድሞክረው አዘዙኝ፤ አንዱ ባዶ ቅባት፣ አንዱ ጥድ ያለበት። ሁለቱንም ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።

አቶ አብዲ በየሳምንቱ ብቅ እያሉ ለጥበቃውም ለጽዳቷም ማንጎ ያድላሉ። ይሄ ደግነት ጤና አይደለም፣ ጠርሙሷን ሊያስለውጡ ነው አልኩ። ስለዚህ የእሳቸውን አውጥቼ ከዓይኔ እንዳትጠፋ ከወንበሬ ፊት ለፊት መስኮቱ ላይ አቆምኳት።

ወሩ ሲያልቅ ጥድ ያለባት እጥፍ ጠብታ ፈጀች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። «አይሠራም» ብዬ ፈረምኩ።

አቶ አብዲ ሲነገራቸው አልተከራከሩም።

«አቦ እህቴ፣ የእኔዋ የት ነበረች?» አሉ።

በጣቴ አሳየኋቸው። መስኮቱ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ተንጣልሎበታል። «ከፀሐይ ይራቅ» ብለን ካርቶኑ ላይ የምናትመው እኛው ነን። እሳቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ወጡ።

በማግስቱ ጥፋቴን ለወይዘሮ ዘነበች ነገርኳቸውና ሙከራውን ደገምኩት፤ ሁለቱም ጠርሙሶች ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ጎን ለጎን። ከወር በኋላ ያለ ጥርጥር ጥድ ያለባት ያነሰ ጠብታ ፈጀች። ወይዘሮ ዘነበች እንግዛው አሉ።

ስልካቸው አልሠራ ስላለኝ ፍለጋ ወጣሁ። ደቻቱ ድልድይ አጠገብ የሰው ባጃጅ ሲነዱ አገኘኋቸው። ማውጫውን ለብረት ገዢዎች ሸጠውታል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ግቢ፣ ወዴት ላድርስሽ?» አሉኝ።

አሁንም እጠራጠራለሁ፤ ሥራው ነው። ግን የምጠረጥረውን ጠርሙስ ከማልጠረጥረው ለይቼ አላስቀምጥም።