አክስቴ እጁን ያዩለት አዋላጅ

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ቤት ውስጥ እንድትወልድ ስከራከር የከረምኩት እኔ ነኝ። ስለ ማዋለድ ታሪክ ያነበብኩት ሁሉ ሐኪም የሚያስጠላ ነበር። የጥንቶቹ የአውሮፓ ሐኪሞች ሬሳ ሲመረምሩበት በዋለ እጃቸው፣ ሳይታጠቡ፣ ወላድ ዘንድ ይገቡ ነበር፤ ሴቶቹ በትኩሳት ያልቃሉ። አንድ የሐኪሞች ቤተሰብ ደግሞ ከማኅፀን ልጅ የሚስብበትን ብረት ለትውልዶች ከሌላው ሐኪም ደብቆ ኖሯል። ታዲያ አሰቦት ላይ ስንቱን በልምድ ያዋለዱት አክስቴ ምን አጠፉ?

ምጡ ሲጀምር አክስቴ ከአሰቦት እኛ ወዳለንበት ጭሮ መጥተው ሰንብተው ነበር። ጎረቤቶች ከውስጥ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። እኔ እንደ ወጉ ደጅ ተቀምጫለሁ፣ ክርክር እንደረታ ሰው። ረፋዱ ላይ አክስቴ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ።

«ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል። ሆስፒታል ውሰዳት።»

«እርስዎ እያሉ?»

«እኔ ስላለሁ ነዋ የምነግርህ! አንተ ስንት ወልደህ ነው የምትከራከረኝ?»

ባጃጅ ተጠራ፤ አክስቴም አብረውን ገቡ። ሾፌሩ «አብሽሩ ጋሼ» እያለ ጉድጓዱን ሁሉ በቀስታ አለፈው። ልጄ ክንዴን ጨብጣ «አባዬ፣ እሞታለሁ እንዴ?» አለችኝ። ላቧን በእጅጌዬ ጠረግኩላት።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለን አዋላጅ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ወንድ ነበር። አክስቴ መንገዱን ዘጉበት።

«ቆይ ልጄ፣ እጅህን አሳየኝ።»

ሁለቱንም እጆቹን ገለበጠላቸው፤ ገና እርጥብ ናቸው። «ታጥቤያለሁ እማማ።»

«ጥፍርህስ?»

«ትናንት ቆርጫለሁ።»

«ግባ። የልጁ ራስ በግራ በኩል ነው።»

አዋላጁ የልጄን ሆድ ዳስሶ አክስቴን «ልክ ነዎት» አላቸው፤ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወሰዷት። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። ስለ ሐኪሞች የተናገርኩትን ሁሉ እዚያው ተቀምጬ በልቤ ሻርኩ፤ ማንም ባይሰማኝም።

አዋላጁ ተመልሶ ሲወጣ ፊቱን ለማየት ፈራሁ። «ሁለቱም ደህና ናቸው» አለ። «ሴት ናት።»

አክስቴ እልልታውን አቀለጡት። ጥበቃው ሮጦ መጣ፦ «እማማ፣ እዚህ ጩኸት ክልክል ነው!»

«እሺ፣ ቀስ እላለሁ» አሉና ደገሙት። እኔ ከወንበሩ ተነስቼ የክፍሉን በር እያየሁ ቆምኩ።

«ምን ትገተራለህ?» አሉኝ። «ገንፎው ቤት ቀርቷል፣ አምጣው። ልጅህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዛሬ ባትበላውም ለዚያ አዋላጅ ይሁን፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

ያለ ክርክር ሄድኩ።