ለፈጠነች የተሠራው ዜማ

ባዳቾ ሠላሳ ዓመት በፖሊስ ማርሽ ባንድ ትሮምቦን ሲነፋ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ወደ ሶዶ ተመለሰ። ሌላው ሰው ሱቅ ይከፍታል፣ ባጃጅ ይገዛል። እሱ አልበም ላውጣ አለ። ያውም ሃርድ ቦፕ፤ ብሉዝ ብሉዝ የሚል፣ ድራሙ እረፍት የማያውቅ፣ ዘፋኝ የሌለበት ጃዝ። ድራም መቺው እኔ ነኝ፤ አብሬው ስላገለገልኩ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

የቀረጽነው አረካ መንገድ ላይ ባለች የመዝሙር ስቱዲዮ ነው። ባለቤቱ ፋኑኤል ሁለት ቀን ሙሉ «ድምፃዊው መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ አደረቀን። ስድስት ሥራ ቀረጽን። አምስቱ ሩጫ ናቸው፤ ስድስተኛው ባዳቾ ለሚስቱ ለፈጠነች የሠራው ቀስ ያለ ዜማ ነበር። ባዳቾ በአፉ ፍቅር የሚያወራ ሰው አይደለም። በአርባ ዓመት ትዳር ያልነገራትን እዚያ ውስጥ ነው ያስቀመጠው፤ የሶዶ ሰውም የፍቅር ዜማ መሆኑን እንዲያውቅለት ነበር ምኞቱ ሁሉ።

አልበሙን ማንም አልገዛም። «ክላሲካል ነው» እያሉ መለሱት፤ እኛ አገር ዘፈን የሌለበት ሁሉ ክላሲካል ነው። እኔም አዘንኩና ፍላሹን ይዤ ሬዲዮ ጣቢያ ሄድኩ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። በሳምንቱ «ለፈጠነች» ጠዋት ጠዋት ከሞት ማስታወቂያ ሥር መሰማት ጀመረ። ትሮምቦኑ ያለቅሳል፣ አንባቢው የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ይናገራል። እስከ ጉኑኖ ድረስ ሰዉ ያንን ድምፅ ሲሰማ ሥራውን ትቶ ጆሮውን ይሰጣል። ባዳቾ ብቻ አልሰማም፤ ሬዲዮ ጆሮ ያበላሻል ብሎ ቤቱ ውስጥ ሲከፈት አይወድም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሌላው ሰው እሱ የሚያውቅ መስሎት ዝም አለ። እኔ ግን አለማወቁን እያወቅሁ፣ ልነግረው ሦስቴ ሄጄ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

በሚያዝያ ልጃቸው ናዝራዊት ተዳረች። ከምሳ በኋላ፣ ሰዉ ጥሬ ሥጋውን በዳጣ እያጣቀሰ ሲሳሳቅ፣ ባዳቾ ድንገት ተነሳና ሙሽሪትን «ይኼ ለእናትሽ የሠራሁት ነው» ብሎ ትሮምቦኑን አነሳ። እኔ ድራሙ ላይ ነበርኩ። ልከለክለው እጄን ሳነሳ ጀምሮታል።

ድንኳኑ ጭጭ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። የሙሽራው አክስት «ማነው? ማን አረፈ?» ብላ ደረቷን ያዘች። ባዳቾ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል፤ ጸጥታው ለሱ ክብር መስሎታል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ነፍቶ አያውቅም።

ፈጠነች ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

«ተው ባዳቾ፣ በልጄ ሠርግ አይሆንም።»

«ያንቺ እኮ ነው።»

«የኔ መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሆኜ ስሰማው ስሜን እስኪጠሩ ነው የምጠብቀው።»

«እነማን ናቸው የሚጠሩሽ?» አለና ወደ እኔ ዞረ።

እዚያው ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትሮምቦኑን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነፋም፤ ፈጠነችም ንፋልኝ ብላው አታውቅም።