ኦቦ ዲንሳ ሦስት ጊዜ ያዩት ክፍል

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ ትኋን መፈለግ ነበር። አቶ ሽብሩ አንድ ወፍራም መርፌ አስያዙኝና የፍራሹን ስፌት በጫፉ እየገለጥኩ እንዳይ አዘዙኝ። ከዚያ የአልጋውን አራት እግሮች ነጭ ጋዝ በተጨመረባቸው አራት ጣሳዎች ውስጥ አቆምን። "ከግድግዳው አርቂው" አሉኝ። "ግድግዳ ከነካ ጣሳው ከንቱ ነው፤ በግድግዳው ይሻገራል።"

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። አቶ ሽብሩ ከጉራጌ አገር ወደ ነቀምቴ ጨርቅ ሊነግዱ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። አልጋ ቤታቸው ስምንት ክፍል ነበረው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በየክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ፋኖስ። እኔን የቀጠሩኝ ስለ ጽዳት ስለማውቅ አልነበረም። "አማርኛ ትጽፊያለሽ፣ ኦሮምኛ የእናትሽ ቋንቋ ነው። ፍራሽ ማንሳት በሳምንት ይለመዳል" ነበር ያሉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ከአልጋ አንጣፊነት ወደ መዝገብ ያዥነት ከፍ አልኩ። ከፍ አልኩ እላለሁ እንጂ ማንጠፉም አልቀረልኝም። መዝገቡ ላይ የእንግዳው ስም፣ የመጣበት፣ የሚሄድበትና ጉዳዩ ይጻፋል። በየሳምንቱ ፖሊስ መጥቶ ያየዋል። ጉዳይ የሚለውን ረድፍ መሙላት እወድ ነበር። ብዙው ሰው "ንግድ" ወይም "ፍርድ ቤት" ይለኛል። እኔ ግን አልጋ ሳነጥፍ ትራስ ሥር የተረሳ የመድኃኒት ጠርሙስ አገኛለሁ፤ ወይም የልጅ ጫማ፣ አንድ እግር ብቻ። ያኔ "ንግድ" ያለኝ ሰውዬ በእርግጥ ለምን እንደመጣ ሳስብ እውላለሁ።

ኦቦ ዲንሳ የመጡት ሚያዝያ ላይ ነው። ከአርጆ ወገን ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዕድሜያቸው ወደ አርባ የሚጠጋ የቡና ገበሬ። ሲገቡ "አከም ጅርቱ?" ብለው በወጉ ሰላምታ ሰጡ። አልጋ ይፈልጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው "ዛሬ አይደለም። ክፍል ልይ" አሉኝ።

አራተኛውን ክፍል ከፈትኩላቸው። አልጋውን አላዩትም። በሩን ከፍተው ዘጉት፤ እንደገና ከፈቱት። ስፋቱን በክንዳቸው ለኩ። ከዚያ "የግቢው በር ማታ ይቆለፋል?" አሉኝ። "ይቆለፋል።" "ቁልፉ ማን ጋ ያድራል?" "ዘበኛው ጋ።" "ዘበኛው እንቅልፋም ነው?" እኔ ሳቅሁ፤ እርሳቸው አልሳቁም። አመስግነው ወጡ።

ለአቶ ሽብሩ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። "ቁልፍ ማን ጋ ያድራል ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይደለም፤ ሌባ ነው" አሉ። እኔ አልመሰለኝም። ሌባ ዘበኛውን ራሱን ያጠናዋል እንጂ መዝገብ ያዥዋን አይጠይቅም።

በወሩ ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ከቁመታቸው የሚበልጥ ዱላ ይዘዋል። ዱላውን በሁለት እጃቸው አግድም ይዘው ከክፍሉ ወደ በረንዳው ወጡ፤ በረንዳው ጥግ ላይ ሲታጠፉ ጫፉ ምሰሶውን መታው። ቆም ብለው አሰቡና ስምንተኛውን ክፍል እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ስምንተኛው የመጨረሻው ነው፤ በሩ በቀጥታ ወደ ግቢው ይከፈታል። ከነዱላቸው ሳይነካኩ ወጡ። "ይሄ ይሻላል" አሉ፤ ለራሳቸው።

ሲሄዱ አላስቻለኝም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው ቀስ እያሉ፣ ዳገቱን ወጥተው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሙ። ሰዓታቸውን አዩ። አልገቡም። ተመለሱና መንገዱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳይ በሁለተኛው ዙር አዩኝ። አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው አለፉ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ወንበር ሰጠኋቸውና በቀጥታ ጠየቅኋቸው። "ኦቦ ዲንሳ፣ ክፍሉን ለማን ነው የሚያዩት?"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ በኦሮምኛ ነገሩኝ። ሚስታቸው ሲምቦ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ምጡ ጠንቶባታል። ሁለቱንም ጊዜ ከአርጆ ወደ ነቀምቴ በሰው ትከሻ ሲያመጧት ልጆቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል። "አሁን ሦስተኛዋ ነው። ምጡ ሳይመጣ እዚሁ ሆስፒታሉ አጠገብ ተቀምጣ እንድትጠብቅ ፈለግሁ። ስላልተወለደ ልጅ ደግሞ ሰው ፊት ማውራት ፈራሁ" አሉኝ። ዱላው የቃሬዛ ልክ ነበር።

አቶ ሽብሩ እንቢ አሉ። "እዚህ የሚያድረው ነጋዴ ነው። ሴትዮዋ በእኔ አልጋ ላይ አንድ ነገር ብትሆን በዚህ ቤት ማን ያርፋል?"

"ዘመድ ከተማ ውስጥ የላቸውም" አልኳቸው።

"እኔ ምን ላድርግ?"

"መንገድ ላይ ብትሞት ለቤቱ ስም ይሻላል ማለትዎ ነው?"

ለአሠሪዬ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ሥራዬን ያጣሁ መስሎኝ አደርኩ። በማግሥቱ ጠዋት ስምንተኛው ክፍል ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። የሽቦውን አልጋ በእጃቸው ወደ ታች ገፋ፣ ለቀቅ ያደርጉታል። "ይሄ ይሰምጣል" አሉኝ። "ከእሱ ላይ መነሳት ለነፍሰ ጡር ከባድ ነው። የጠፍሩን አልጋ አምጪላት። ጠፍሩ ከላላ በደንብ ይወጠር።"

ሲምቦ ሰኔ መግቢያ ላይ በጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ መጣች። ሐዘንተኛ ሴት ስጠብቅ የመጣችው ሌላ ናት። ገና ሳትቀመጥ ጣሳዎቹን አይታ "አልጋው ውኃ ይጠጣል እንዴ?" አለችኝ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እሷም ብትበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው።

ኦቦ ዲንሳ ያሉትን ሁሉ መዝገቡ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ቃሬዛው በሩ ኋላ ይሰቀል። የግቢው በር በውስጥ መወርወሪያ ብቻ ይዘጋ፤ አይቆለፍ። ማታ ማታ አያንቱ፣ ማለትም እኔ፣ እዚያው ክፍል መሬት ላይ ታድራለች። ዘበኛው ኦቦ ጉተማ ይህን ሁሉ በቃላቸው አጥንተው ደገሙልን።

ሲምቦ ተኝታ መጠበቅ አልሆነላትም። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ የሚገባውን እንግዳ ጫማ ታያለች። "ያ ቀዩ ጭቃ የእኛ አገር ነው። ይሄኛው ጥቁር ነው፤ ከቆላ፣ ከወንዙ ወዲያ ነው የመጣው" ትለኛለች። እኔ መዝገቡን ይዤ እሄድና የመጣበትን እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበረች። አንድ የቅቤ ነጋዴ ከጊምቢ መጣሁ ብሎኝ እሷ "ጭቃው የጊምቢ አይደለም" ስትል መልሼ ጠየቅሁት። ሰውዬው አፍሮ ሁለተኛ ሚስቱ ጋ ሰንብቶ እንደመጣ ነገረን። ሲምቦ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንድ ቀን ግን እጄን ሆዷ ላይ አስቀምጣ፣ "ያለፉት ሁለቱም እንዲህ ይራገጡ ነበር" አለችኝ። እጄን ሳላነሳ ቆየሁ።

ሐምሌ ላይ ኦቦ ዲንሳ ማሳቸውን ሊያዩ ለአምስት ቀን ወደ አርጆ ሄዱ። ቀኗ ገና ነው ተብለን ነበር። በሄዱ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የእንሽርት ውኃዋ ፈሰሰ።

ያን ሁሉ ስናቅድ ያሰብነው ሌሊትን ነበር። ሌሊት ቁልፍ፣ ሌሊት ፋኖስ፣ ሌሊት ዘበኛ። የመጣው ግን በገበያ ቀን፣ በእኩለ ቀን ነው። ኦቦ ዲንሳ በሰዓት የለኩት መንገድ ከአፍ እስከ ገደፉ በከብት፣ በአህያና በሰው ተሞልቷል። ኦቦ ጉተማ ሮጠው አይተው ተመለሱ። "ሰው ራሱ በጎን ነው የሚሄደው። ቃሬዛ አያልፍም" አሉ።

ሌላው መንገድ በጓሮ ነው። ጓሮው ደግሞ ከእትዬ አስካለ አጥር ጋር ይገናኛል። እትዬ አስካለ ከሸዋ የመጡ፣ የአንድ መኮንን ሚስት የነበሩ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከአቶ ሽብሩ ጋር በዚያው አጥር ወሰን ተካሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

አቶ ሽብሩ አንዴ ሲምቦን አዩ፣ አንዴ አጥሩን አዩ። ኮታቸውን አውልቀው እንጨቱን መንቀል ጀመሩ። ሦስተኛውን ሲነቅሉ እትዬ አስካለ ወጡ።

"ሽብሩ፣ ዳኛው የፈረደልኝን አጥር በቀን ብርሃን ትነቅላለህ?"

"ምጥ ይዟታል። መንገዱ ተዘግቷል። ነገ ራሴ አጥረዋለሁ።"

እትዬ አስካለ አንገታቸውን አስግገው በእኔ ላይ የተደገፈችውን ሲምቦን አዩ። "በዚያ በኩል አትንቀለው፤ ጉድጓድ አለ። በዚህ ነው" አሉና እርሳቸውም እንጨት ያዙ።

ቃሬዛውን አቶ ሽብሩ፣ ኦቦ ጉተማና ሁለት እንግዶች ተሸከሙ። አንዱ ያ የቅቤ ነጋዴ ነበር። እትዬ አስካለ ከፊት ከፊት እየሄዱ በየሰዉ ጓሮ "አሳልፉን" ይላሉ። ጭቃው ያንሸራትታል። ሲምቦ እጄን ጨብጣ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትለኝ ነበር። "አያንቱ፣ ደረስን?" "ደረስን" እላለሁ፤ ሳንደርስ።

ሆስፒታል ስንደርስ አዋላጇ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ "ልጁ ተጋድሟል" አለች፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧት። እኛ ደጅ ቆየን። አቶ ሽብሩ ኮታቸውን አጥሩ ላይ ረስተው በሸሚዝ ብርድ ይመታቸዋል፤ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጧቸው። ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ከመምሸቱ በፊት አዋላጇ ወጥታ ሴት ልጅ መሆኗን፣ እናትየዋም እንደምትተርፍ ነገረችን። አቶ ሽብሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አሁን ጥፋቴን እነግራችኋለሁ።

በማግሥቱ ከስንት ቀን በኋላ ፀሐይ ብልጭ አለች። ሐምሌ ውስጥ ፀሐይ ያገኘ አልጋ ቤት ያለውን ሁሉ ያወጣል። ሲምቦ ሆስፒታል ገና ስለምትቆይ የስምንተኛውን ክፍል አንሶላ አጠብኩ፣ ፍራሹን ግቢ ውስጥ ዘረጋሁ፣ ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ ሰቀልኩ፣ ዕቃዋንም ጠቅልዬ በረንዳ ላይ አወጣሁ። ከዚያ ውኃ ለመቅዳት ወረድኩ።

ስመለስ ኦቦ ዲንሳ ካሉት ቀን ቀድመው መጥተዋል። የላክንባቸው መልእክተኛ ሌላ መንገድ ይዞ ተላልፈዋል፤ ምንም አልሰሙም። በቅሏቸው ከነኮርቻዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። እርሳቸው ስምንተኛው ክፍል መሬት ላይ፣ ከራቁቱ ጠፍር አልጋ አጠገብ ተቀምጠዋል። እስከ ጉልበታቸው ቀይ ጭቃ ነው። ስገባ ቀና ብለው አላዩኝም። "መቼ ነው?" አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። "ትናንት" አልኳቸው። ያን ቃል ባልተናገርኩ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ሲጭኑ ነው ሞታለች ብለው እንዳሰቡ የገባኝ። ተንበርክኬ ክንዳቸውን ያዝኩ። "ኦቦ ዲንሳ፣ አሉ። ሁለቱም አሉ። ሴት ልጅ ናት። ሆስፒታል ናቸው።" በአማርኛ ነበር ያልኩት፤ በድንጋጤ። በኦሮምኛ ደገምኩት። አፌን አፌን ያዩኛል። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር ተነሱና በቅሏቸውን ትተው በእግራቸው ዳገቱን ሮጡ።

ሲምቦ ከሆስፒታል ወጥታ ሦስት ሳምንት እኛ ጋ ተኛች። ኦቦ ዲንሳ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልወቀሱኝም። እኔ ግን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። "ፀሐይ ነበረች፤ ምን ታደርጊ" አሉኝ።

አቶ ሽብሩ በተናገሩት መሠረት አጥሩን ራሳቸው መልሰው አጠሩ። እትዬ አስካለ በር እንዲወጣለት ጠየቁ፤ በር ወጣለት። በቀጣዮቹ ዓመታት ከአርጆና ከሌላም ወረዳ ቀናቸውን የሚጠብቁ ሴቶች ይመጡ ጀመር። አቶ ሽብሩ አንዷንም አልመለሱም። ሁሉም አልተሳካላቸውም። ያልተሳካላቸውንም አስታምመናል።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። በኋላ እኔ ሌሎችን ሳሠለጥን ከሁሉ በፊት የምነግራቸው ይህን ነበር፤ እንግዳ በድንገት ከወጣ፣ ፈልጎት የሚመጣ ሰው መኖሩን ጠይቁ። ያ ሰው መጥቶ እስኪሰማ ድረስ አልጋው እንደተነጠፈ ይቆይ።