ማክሰኞ ሳይመጣ አንድ ዘፈን

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡20፣ ዌስተርቪል

(ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ገና በቅጡ ሳይነጋ የጎረቤቴን የጋሼ ወርቁን በር ላንኳኳ ስወጣ፣ እሳቸው ቀድመውኝ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ግራጫ ሱፍ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ።

«ጋሼ፣ ቁርስ ልንበላ እኮ ነው የምንሄደው።»

«እኔ ሙዚቃ ልሰማ ነው የምሄደው። ቁርሱን አንቺ ብዪው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሼ ግራ ጆሮ መስማት ካቆመ ብዙ ዓመቱ ነው። አሁን ደግሞ ቀኙ ውስጥ እብጠት ተገኝቶ ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ሐኪሙ አልደበቃቸውም፤ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ላይሰሙ ይችላሉ። በቀራቸው ሦስት ቀን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የድሮ የካንትሪ ዘፈን፣ ከካሴት ሳይሆን ከሰው አፍ።

ጋሼ ናዝሬት ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ካሴት ሊያስቀዳ የሚመጣው ሁሉ ካንትሪ ሳያስጨምር አይሄድም ነበር ይላሉ። የእንግሊዝኛውን ግጥም በአማርኛ ፊደል ወረቀት ላይ እየጻፉ ከካሴቱ ጋር ለደንበኛ ይሰጡ ነበር።

እኔ በበኩሌ የቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ነኝ፤ ዘፈን ከተውኩ ዘጠኝ ዓመቴ። ይህን ጉዞ ያመጣሁት ግን እኔው ነኝ። በሥራዬ የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት፣ በትውልድ ከተማቸው የእሳት አደጋ ጣቢያ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እየተሸጠ ሽማግሌዎች ካንትሪ እንደሚጫወቱ ነገሩኝ። ለፓስተራችን አልተናገርኩም፤ ይህን ካነበቡ እዚሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1፡05፣ መንገድ ላይ

ሀይዌዩ ባዶ ነው። ቤክስሊ የምትባለውን ከተማ በቀኝ ትተን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጣን። መጀመሪያ መጋዘን፣ ቀጥሎ የደረቀ የበቆሎ ማሳ፣ ቀይ ጎተራ፣ ጉም፣ ከዚያ ኮረብታ። ጋሼ አጠገቤ ሲቀመጡ ወደ እኔ የሚሆነው የማይሰማው ጆሯቸው ነው፤ ስለዚህ ባወራሁ ቁጥር አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ ያዞሩልኛል። አሳዘኑኝና ወሬ ቀነስኩ።

ነዳጅ ማደያ ቆመን በሁለት ዶላር ቡና ገዛሁላቸው። አንዴ ቀመሱት።

«ይሄን ነው ተሰልፈሽ የገዛሽው?»

«ጋሼ፣ ሪላክስ ያድርጉ።»

2፡00፣ ጣቢያው

ቀያዮቹ መኪኖች ውጭ ቆመው አዳራሹ በረጅም ጠረጴዛ ተሞልቷል። ፓንኬክ ከቋሊማ ጋር ስምንት ዶላር ነው። ኮፍያ ያደረጉ ገበሬዎች፣ የቡና ጀበና የሚያክል ቴርሞስ ይዘው የሚዞሩ ሴቶች። ሁሉም የጋሼን ከረባት አየ። ጥግ ላይ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቫዮሊንና አንድ ቤዝ የያዙ አራት ሽማግሌዎች አሉ። የሚዘፍኑት ሰማንያን ያለፉት ዴል ናቸው።

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ጎን አዙረው ቀኝ ጆሯቸውን ለሙዚቃው ሰጡት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፓንኬኩ በረደ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ብድግ አሉ። ወዴት ሊሄዱ ነው ስል ሃያ ዶላር አውጥተው፣ በምራቃቸው አርሰው፣ ሄደው ዴል ግንባር ላይ ለጠፉት!

ሙዚቃው ቆመ። በር አጠገብ የነበረ ግዙፍ ሰውዬ ከወንበሩ ተነሣ። እኔ እየሮጥኩ ደረስኩና፣ «ይቅርታ፣ በእኛ አገር ጥሩ የተጫወተ ሰው የሚሸለመው እንዲህ ነው» አልኩ። ዴል ብሩን አንሥተው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ መልሰው ግንባራቸው ላይ ለጠፉት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዘፍኜ እንዲህ ያከበረኝ የለም። ምን ልጫወትልህ ወንድሜ?»

ጋሼ የዘፈኑን ስም ነገሯቸው። ዘፈኑ እናቱን ሳይሰናበት ስለሄደ አንድ የባቡር ሠራተኛ ነው። ዴል ክሩን ነካ ነካ አድርገው አቆሙ።

«ዜማው ጣቴ ላይ አለ። ቃሉ ግን ከጠፋብኝ ቆየ።» ዘወር ብለው ጓደኞቻቸውን ጠየቁ፤ ሦስቱም አናውቀውም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

የጋሼ ፊት ሲጨልም አየሁ። ይህን ያህል መንገድ መጥተን! ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ሁለት እርምጃ ተራመዱና ቆሙ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉ በእንግሊዝኛ።

ዴል ማይኩን አዞሩላቸው። ጋሼ በዚያ በናዝሬት እንግሊዝኛቸው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አንድ ስንኝ ሳይዘሉ ዘፈኑት። ቡና የሚያዞሩት ሴቶች ባሉበት ቀሩ። ሁለተኛው አንጓ ላይ ዴል ቃሉ መጣላቸውና አብረው ገቡ። እግሬ መሬቱን እየመታ መሆኑን ነቃሁበት፤ ግን አላስቆምኩትም።

4፡10፣ ስንመለስ

መኪና አስነሥቼ እጄን ወደ ሬዲዮው ስዘረጋ ያዙኝ።

«ተይ። ሌላ ነገር አይደረብበት።»

«ምኑ ላይ ጋሼ?»

«እስከ ማክሰኞ ጆሮዬ ውስጥ ይሄ ብቻ ይቀመጥ። አንቺም አታውሪኝ፤ እንዳትቀየሚኝ ደግሞ።»

አልተቀየምኩም። ከአንድ ሰዓት በላይ ትንፍሽ ሳንል ነዳሁ። ፍሬቻ ሳበራ እንኳን ቋ ቋ የሚለው አሳቀቀኝ።

5፡25፣ ዌስተርቪል

ገና ፓርክ ሳደርግ የልጃቸው ልጅ ሶስና፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በካልሲ እየሮጠች ወጣች። ጥርሷ መውለቁን በእንግሊዝኛዋ ትጮኻለች። ደንግጬ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ዝም እንድትል ምልክት ሰጠኋት።

ጋሼ አዩኝና እጄን ቀስ አድርገው ወደ ታች መለሱት። ከዚያ በዚያ ግራጫ ሱፍ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው፣ ቀኝ ጆሯቸውን አፏ ድረስ አስጠጉ።

«እንደገና ንገሪኝ» አሏት።

ነገረቻቸው። ጨዋታ መስሏት እየሳቀች፣ ፖም ስትገምጥ እንዴት እንደወለቀ፣ ደም እንደነበረው፣ እንዳላለቀሰች።

እኔ የመኪናውን ቁልፍ ይዤ አለቀስኩ።

«እንደገና» አሏት።